ልጄ፣ ቡሎኑን አንቺ አይደለሽም የሰበርሽው

ልጄ እንዴት ነሽልኝ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ጅማ ዝናቡ እንደ ጉድ ነው። ማታ በስልክ ያልሽኝ ነገር ካእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ምጽፍልሽ። ቡሎኑ የጥንካሬ ደረጃው 12.9 ነው፣ የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ በልኩ አጥብቀሽዋል፣ ማሽኑ ቆሞ ባደረበት ጭንቅላቱ ተቆርጦ ተገኘ፣ የስራ ቦታሽ ሰዎችም ከልክ በላይ አጥብቀሽው ነው አሉሽ። እኔ በፍጹም አልቀበልም። እንዳይዝግ ብለው በአሲድ አጥበው ዚንክ አስለብጠውታል አላልሽኝም?

ጣጣው እዛ ጋ ነው። አሲድ ብረት ሲነካ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ በኤሌክትሪክ ሲለበጥም እንደዛው፣ አብዛኛው አረፋ ሆኖ ይሄዳል ትንሹ ግን ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ አተሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ በብረቱ መሀል እየተሽሎከለከ ውጥረት ወደበዛበት፣ ጭንቅላቱ ስር ወይ ጥርሱ ላይ ይሰበሰብና ስንጥቅ ያስጀምራል። ጊዜ ስለሚፈልግ ስታጠብቂው ዝም ብሎ ከሰአታት ወይ ከቀናት በኋላ ነው ሚበጠሰው። ደግሞ ጠንካራው ብረት ነው ሚብስበት! ለስላሳው ይለጠጣል፣ ዝቅ ያለው ደረጃ 8.8ም ብዙ ጊዜ ይችለዋል፣ 12.9 ግን 1200 ሜጋፓስካል ውጥረት ሚሸከም ብረት ሆኖ መለጠጥ ብዙም አያውቅም። በፈረንጆቹ 2013 ሳንፍራንሲስኮ አዲሱ የቤይ ብሪጅ ድልድይ ላይ ከ96 ወፋፍራም የብረት ዘንጎች 32ቱ ከተወጠሩ በኋላ በቀናት ውስጥ የተበጠሱት በዚሁ በሃይድሮጅን ነው፣ እዛ ያሉትም መሀንዲሶች ናቸው እንግዲህ።

አሁን ስብራቱን ባትሪ አብርተሽ እዪው። ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን መጀመሪያ ይሳባል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ ከዛ ነው ሚቆረጠው። ሃይድሮጅን የገባበት ግን ሳይቀጥን ቀጭ ይላል፣ ስንጥቁ የጀመረበት ቦታ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ያብለጨልጫል። ይሄን ካየሽ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ፣ ቡሎኑንም እንዳይጥሉት።

ዚንክ የግድ ከሆነ ተለብጦ 4 ሰአት ሳይሞላው ኦቨን ገብቶ 200 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰአት መቆየት አለበት፣ ሃይድሮጅኑ እንዲወጣ፣ ቀን ካደረ በኋላ ማሞቅ ብዙም አያስተማምንም። እኔ ብሆን ዚንክ ያልተለበጠውን ጥቁሩን 12.9 ዘይት ቀብቼ ነው ማስረው። ብየዳም ላይ ያው ነው፣ እዚህ በክረምት 7018 ሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንጉ) ክፍት ካደረ እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበቱ ደግሞ ሃይድሮጅን ነው ሚሆነው፣ ጠንካራ ብረት ላይ በሱ ከበየድሽ ዛሬ ደህና የመሰለው ነገ ከነገ ወዲያ ይሰነጠቃል።

አብረው አሲድ የገቡት ቡሎኖች ግን አሁንም ማሽኑ ላይ ናቸው። ነገ ሳይነሳ ሁሉንም አስፈቺ፣ አንድም እንዳይቀር፣ አለቃሽ እምቢ ካለ ስልኬን ስጪው እኔን ያናግረኝ።

አባትሽ