ለሰፈራችን ማንበቢያ ቤት ባዶ ሃይላንድም ብርም እንፈልጋለን

ሰላም የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰዎች፣ ውጪ ያላችሁ የሰፈር ልጆችም ጭምር። እድሩ ግቢ ውስጥ ከድንኳን ማስቀመጫው ጎን ያለችውን ባዶ ቦታ ታውቋታላችሁ አይደል፣ እዛ ላይ ለልጆቹ አንድ ክፍል ማንበቢያ ልንሰራ ነው፣ ብሎኬቱም ሲሚንቶውም በዚህ ዋጋ የሚነካ ስላልሆነ ግድግዳውን በጭቃና በሃይላንድ ለማቆም ተስማምተናል። አዎ፣ የውሃ ፕላስቲኩን ነው የምላችሁ።

ስራው ከባድ አይደለም፣ ትግስት ነው የሚፈልገው። ደረቅ አፈር ነፍታችሁ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ በእንጨት መጠቅጠቅ ነው፣ ከዛ ክዳኑን ግጥም፣ በጣት ስትጫኑት እምቢ ካለ ደርሷል። የአንድ ሊትሩ ሲሞላ ከኪሎ ተኩል አያንስም። እንደ ጡብ በአግድሙ ይደረደራል፣ አንገት ለአንገት በሲባጎ ይታሰራል፣ መሀሉ ላይ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይገባና በመጨረሻ ይመረጋል፣ ፕላስቲክ ፀሀይ ሲመታው ስለሚሰነጣጠቅ ምርጊቱን መዝለል አይቻልም። ለአንድ ካሬ ግድግዳ ወደ 100 ሃይላንድ ይበላል፣ ክፍሏ 5 በ6 ናት፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶ ወደ 5 ሺ እንፈልጋለን።

ሁሉም በነፃ ያልቃል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው፣ ከስር የድንጋይ መሰረት ከላይ ደሞ ወጣ ያለ ቆርቆሮ ከሌለው ክረምት አያሻግርም። ብሩ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፣ ድንጋይ፣ ለመሰረቱ የሚሆን ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የግንበኛው የቀን ሂሳብ። ቤት ያፈረሰ ሰው አሮጌ በር ወይ መስኮት ካለው ደሞ እንዳይጥለው፣ መጥተን እንወስዳለን።

አደራ፣ ቁራሌዎቹን እንዳንሻማ፣ እንጀራቸው ነው። እኛ የምንፈልገው ሰርግና ልቅሶ ላይ ተርፎ የሚጣለውን፣ ቱቦ የሚዘጋውን፣ ወንዝ ዳር የተከመረውን ነው። ረጲ ቆሼ መጋቢት 2009 ላይ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ቀብሮብናል እኮ፣ የምንጥለው ሁሉ የሆነ ሰው ደጃፍ ነው የሚከመረው።

ሃይላንዱን ከነክዳኑ አድርቃችሁ ቅዳሜ ጠዋት እድሩ ግቢ አምጡ፣ ጉልበት ያለውም ይምጣ፣ ቡና አይጠፋም። ብር የምትልኩ የእድሩን አካውንት ከፀሀፊው ጠይቁና ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በግል ቴሌብር ላኩልኝ የሚል ካጋጠማችሁ እኛ አይደለንም።