ይድረስ ለአያ ኪኒን

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት አለፈን አይደል? ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእህትህ ሰርግ ያልመጣሁበትን ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ አሁን ይቅር በለኝና እንለፈው።

"አያ ኪኒን" ያልኩህ ልቀልድብህ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልቀልድ ነው። ትዝ ይልሃል፣ ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋው ፊት ቁጭ ብለን ከሸሚዝህ ኪስ የደም ግፊት ኪኒንህን አውጥተህ ስትውጥ? "በአርባ ዓመቱ ጡረታ ወጣ" ብዬ ሰዉን ሁሉ አሳቅሁብህ። አንተም አብረህ ሳቅህ። አሁን ሳስበው ሳቅህ ከአንገት በላይ ነበር።

ተራው ለእኔም ደረሰ።

ጥቅምት ላይ መሥሪያ ቤታችን ግቢ የደም ልገሳ ድንኳን ተተከለ። እኔ ጀግናው ቀድሜ ተሰለፍኩ። ነርሷ ለካችና ዝም አለች። አምስት ደቂቃ አሳርፋ ደግማ ለካችኝ። 168 በ104። "እርስዎ ዛሬ ደም አይሰጡም፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ" አለችኝ። እኔ ሞኙ፣ "ደም በዝቶብኛል ካልሽ ቀንሺልኝ እንጂ!" አልኳት። ሰልፈኛው ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ለካ የሚበዛው ደሙ አይደለም፤ ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። "ደም ብዛት" ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ስንቱን አሳስቷል!

ደግሞ ምንም አላመመኝም ነበር። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። እኛ ሰፈር ግፊት የቁጡ ሰው በሽታ ነው። እኔን ታውቀኛለህ፣ በግ ነኝ። ሐኪሙ "ከቤተሰብ ግፊት ያለበት አለ?" ሲለኝ የለም አልኩ። ቤት ስገባ ነው አባዬ ትዝ ያለኝ። በመጨረሻው ዓመት አንድ እጁ እየከበደው ስኒ ይጥል ነበር። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሸንለት። ዛሬም ሰው ሲጠይቀን "ድንገት ነው የሞተው" እንላለን።

በሌላ ቀንም ተለካሁ፣ አልወረደም። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን፣ 5 ሚሊግራም ጀመርኩ፤ በየቀኑ አንድ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለቤቴ ማዕድ ቤቱን ገልብጣዋለች። ለአንድ ሰው የቀን ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ አይሙላ ስለተባለች፣ እሷ በዚያችው ማንኪያ ለአምስታችን ታበስላለች። ትንሹ ልጄ ሽሮውን ቀምሶ "ማሚ፣ ወጡ ተኝቷል" አላት። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው። እኔስ? ኪኒኑን ካቆምኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነበር። ጠዋት እሷ እያየችኝ አፌ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ደጅ ስወጣ እንትፍ።

ለምን መሰለህ... እንዴት ብዬ ልጻፈው። ፀጉር ቤት አንድ ሰውዬ "የግፊት ኪኒን ወንድነት ይገድላል" ሲል ሰማሁ። ከዚያን ዕለት ማታ ጀምሮ... በቃ ገብቶሃል። ኪኒኑ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ። ለሐኪሙ ልነግረው ሁለቴ ሄጄ፣ ሁለቴም ስለ ቁርጭምጭሚቴ እብጠት አውርቼ ተመለስኩ። (እብጠቱስ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ያመጣዋል አለኝ።)

ባለፈው ባለቤቴ ለቤት የገዛነውን የግፊት መለኪያ ቡና ላይ አወጣችው። ጎረቤት ሁሉ ክንዱን ይዞ መጣ። የታች ቤቷ እትዬ 190 ምናምን አሳዩ። "ምንም አይለኝ፤ በነጭ ሽንኩርት ነው የምይዘው" ብለው በረካቸውን ጠጡ። ሳቅን። ቀጥሎ እኔ፦ 174 በ108። ቤቱ ዝም አለ። ቡና ጠጥተን፣ እያወራን ስለተለካን ነው አልኩ። እሱም ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም ከፍ ያደርጉታል። ግን ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። በማግስቱ ያቺን አንድ ማንኪያ ጨው በግማሽ ቀነሰቻት።

እዚያ ላይ አልቻልኩም። ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዱን ወጣት ነርስ ጥግ ይዤ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ያልታከመ ግፊትም እኮ ሥር ስለሚጎዳ ያንኑ ያመጣል። ኪኒኑ ካልተስማማዎት ሐኪሙ ይቀይርልዎታል፤ በራስዎ ግን አያቁሙ" አለኝ። አመንኩት። ግን ልጁ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ከየት ያውቃል? አንተ ስምንት ዓመት ውጠሃል።

እና... አንተስ እንዴት ነህ? ማለቴ፣ በዚያ በኩል። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ለሷስ ልንገራት? ዳግም ከጀመርኩ አሥር ቀኔ ነው፤ ዛሬ ጠዋት 151 በ94። ያንተንም ቁጥር ላክልኝ።

መልሱን በቴሌግራም ጻፈው። ድምፅ እንዳትልክ፣ ስልኬን የሚይዙት ልጆቹ ናቸው።

ያንተው፣
ትንሹ አያ ኪኒን