የጥንታዊ ድርሳናት ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«የሂንዱ መጽሐፍ ለልጆቻችን ምን ይጠቅማቸዋል?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆች አሉ። ክበባችን ሃይማኖት አይሰብክም፤ ያነባል። ዘንድሮ የመረጥነው ብራህማናዎችን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ900 እስከ 600 ገደማ በሳንስክሪት የተዘጋጁ፣ የቬዳዎችን፣ ማለትም የጥንታዊዎቹን የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ የመሥዋዕት ሥርዓት የሚፈቱ ትርጓሜዎች ናቸው። አንድምታ ሲሰማ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆኑበትም። ከእነሱ አንዱ ሻታፓታ ብራህማና ሲጀምር፣ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሰው አስቀድሞ ውኃ የሚነካው ለምንድን ነው ይላል፤ ሰው ሐሰት ስለሚናገር ንጹሕ አይደለም፣ ውኃ ግን ንጹሕ ነው ብሎ ይመልሳል። ምክንያት ፍለጋው ነው ተረቱን የሚጠራው። የሰው ዘር አባት የሚባለውን ማኑን ከጥፋት ውኃ ያዳነው ዓሣ እዚሁ አለ፤ ዓሣው አምላኩ ቪሽኑ ነው የተባለው በኋላ ዘመን ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ በምዝገባና በሳምንታዊ ንባብ አለፈ።

የካቲት ላይ ከአይታሬያ ብራህማና የሹናህሼፓን ታሪክ አነበብን። ንጉሥ ሃሪሽቻንድራ ልጅ ቢሰጠው መልሶ ሊሠዋለት ለአምላኩ ለቫሩና ተሳለ። ልጁ ሮሂታ አድጎ ወደ ጫካ ሸሸ፤ በምትኩ የድሃው የአጂጋርታ ልጅ በ100 ላም ተገዛ። አባት ትልቁን፣ እናት ትንሹን አልሰጥም አሉ፤ መካከለኛው ሹናህሼፓ ተሰጠ። የሚያስረው ሰው ቢጠፋ አባቱ ለሌላ 100 ላም አሰረው፤ ለሌላ 100 ደግሞ ሊያርደው ቢላውን ስሎ መጣ። ልጁ አማልክቱን ቢማጸን እስራቱ ተፈታ።

ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ለእሱ የተናገረለት የለም?» አለች። የመለሰላት አልነበረም። በሳምንቱ መጨረሻውን በአማርኛ በአራት ገጽ ጽፋ መጣች፤ አባትየው ተመለስ ሲለው ልጁ «ከእኔ 300 ላም መረጥህ» ብሎ በመሥዋዕቱ ላይ ለነበረው ካህን ለቪሽቫሚትራ ልጅ ይሆናል። በጽሑፏ ከቢላው በኋላ «አባቱ» የሚል ቃል የለም፤ «አጂጋርታ» ብቻ። ላርመው ብዕር አንስቼ ተውኩት።

ያሰብነው ድራማ በፈተና ምክንያት ቀርቷል፤ 26 የነበሩት አባላትም 14 ቀሩ። አንድ ቅጂ ለሁሉም ሲዘዋወር ተራው ያልደረሰው ልጅ ቢሰለች አልፈርድበትም። የስፖርት ክበባት ማሊያ ሲገዛላቸው ደስ ብሎኛል፤ እኛ የምንጠይቀው አምስት ደስታ ወረቀትና የፎቶ ኮፒ ፈቃድ ነው። መጀመሪያ የሚባዛው የልጅቷ አራት ገጽ ይሆናል።