የቡና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ግማሾቹ በየሳምንቱ ቡና የሚጠጣበት ክበብ መስሏቸው እንደነበር በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። እሸት መፈልፈልና ባልዲ ማጠብ ሲመጣ 19 ቀሩ። የሚከተለው የእነዚያ 19 ልጆች ሥራ ነው።

ዓመቱን የያዘን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ካፌዎች «የአንድ ቦታ ቡና» ብለው ለብቻው የሚያፈሉት ኤስፕሬሶ ስሙን የሚያገኘው ከየት ነው? ሐዋሳ ተቀምጦ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ መማር ነውር ስለመሰለኝ፣ ኅዳር ላይ በአንድ ቅዳሜ ይርጋለም አካባቢ ወዳለው የአንዲት አባላችን አያት ማሳ ሄድን።

ቡናው ከእንሰቱ ጎን፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ነው ያለው። በደጋማው የሲዳማ ምድር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ውስጡም ጠጠር ያለ ይሆናል። ልጆቹ ስለ ዝርያ በስልካቸው ሲፈልጉ አባባ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ «ይሄ ኩሩሜ፣ ያ ወሊሾ» አሏቸው። ከታች በኩል ያሉት ግን ስማቸው ቁጥር ነው፦ 74110 እና 74112። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን በገባ ማግሥት፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከኢሉባቦር ጫካ መርጦ ነበር። 74 የሚለው የተመረጡበትን የ1974 የፈረንጆች ዓመት ያመለክታል። የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ ይህን ሲሰሙ ክበቡን እንደሚቀላቀሉ ቃል ገብተው ነበር፤ አሁንም እየጠበቅናቸው ነው።

ከአባባ 12 ኪሎ ቀይ እሸት ገዛን። አንድ አባላችን ደግሞ እዚያው ሲዳማ ውስጥ ካለችው ከቤንሳ ወረዳ፣ ከዘመዶቹ 6 ኪሎ አመጣ። የይርጋለሙን ግማሽ ከነገለፈቱ ጀንፈል እንዲሆን አሰጣነው። የቀረውንና የቤንሳውን ለየብቻ ፈልፍለን ሁለት ሌሊት በባልዲ ዘፈዘፍነው። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ፍሬው ሲታሽ ማዳለጡን ትቶ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ማየት ደስ ይል ነበር። ከዚያ አጥበን በተሰበሩ ዴስኮች ላይ ወንፊት ሽቦ ዘርግተን አሰጣነው፤ ማታና ቀትር ላይ እንሸፍነዋለን።

በሁለተኛው ሳምንት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሁለት ልጆች ሮጠው የታጠበውን ቡና ሁሉ በአንድ ከረጢት ሰበሰቡት፤ የወረቀት ምልክቶቹም በስብሰው ቀሩ። ይርጋለምና ቤንሳ አንድ ላይ ሆኑ። ተቆጣሁ፤ ከሚገባው በላይ ተቆጣሁ። ሲበርድልኝ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት እንደማላገኝ ገባኝ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በዚያ የሚያልፍ ቡና የሚሸጠው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ነበር፤ የማን ማሳ እንደሆነ የሚያሳየው ስም መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አሠራሩ ተሻሽሎ ቡናውን ወደ መነሻው መከተል ተቻለ። ገበያው ሻጩ ገንዘቡን በቶሎና በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲያገኝ ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህንንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ስሙን ግን እኛም በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋነው።

ከነስሙ የተረፈው ጀንፈሉ ነበር። ቀሽረን፣ ለቅመን፣ በምጣድ ቆላነው። አንድ ካፌ ማሽኑን በጠዋት ፈቀደልን። 18 ግራም የተፈጨ ቡና፣ 9 ባር ግፊት። የመጀመሪያው በ13 ሰከንድ ፈሶ አለቀ፤ የቀመሰችው ልጅ «ሎሚ ተጨምቆበታል?» አለች። ውኃው ፈጥኖ ሲያልፍ ቀድሞ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው፤ ጣፋጩ ይቀራል። ማሽኑን የሚሠራው ባሬስታ ቡናው ይበልጥ እንዲልም ወፍጮውን አጠበቀ። ሁለተኛው በ28 ሰከንድ እንደ ማር ክር ወረደ፤ የበሰለ ፍሬ ጣዕም ነበረው። እኔ አሁንም የጀበናውን እመርጣለሁ፤ ልጆቹ ይህንን በእርጅናዬ አሳብበዋል። የተቀላቀለውንም አፍልተን ነበር፤ አልከፋም። ባሬስታው «የት ነው ይሄ?» ሲለን ግን እርስ በርስ ተያየን።

በችግኝ በኩል ከእሸት ያወጣናቸውን 60 ፍሬዎችና ከገበያ የገዛናቸውን 60 ጥሬ ቡናዎች ተከልን። የገበያው አንድም አልበቀለም፤ ደርቆና ተቀሽሮ የቆየ ቡና ነፍሱ ቶሎ ይወጣል። ከእሸቱ 47 በቀሉ፤ እያንዳንዳቸው ቀጭን አንገታቸው ላይ ፍሬያቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ። ስድስቱን የጎረቤት ፍየል በላቸው። ፍየልና ቡና የቆየ ወዳጅነት እንዳላቸው ስለሚነገር ብዙ አልከሰስንም።

የቀሩት 41 ችግኞች ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አባባ ማሳ ይሄዳሉ። ምልክታቸው በዚህ ጊዜ ወረቀት አይደለም፤ ልጆቹ ከጣሳ ክዳን ቆርቆሮ ቆርጠው በምስማር ጽፈውበታል።