ከተመኑ በፊት አሮጌው ኖት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ብርና ስለ ኤርትራው ገንዘብ ናቅፋ መለያየት ያወጣችሁት ጽሑፍ ከሞላ ጎደል የምንዛሪ ተመን ነገር ነው። አንድ ናቅፋ በአንድ ብር ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር ቀላል አልነበረም። ነገር ግን በአንድ ገንዘብ ሲገበያዩ የኖሩ ጎረቤቶች ሲለያዩ ቀድሞ የሚያስቸግረው በሰው ኪስ ያለው አሮጌ ኖት ነው።

ቼክና ስሎቫኪያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1993 የጋራ ገንዘባቸውን ኮሩናን ሲለያዩ አዲስ ኖት አሳትሞ ለማዳረስ ጊዜ አልነበራቸውም። ቼክ በባለ 100፣ 500 እና 1,000 ኮሩናው ላይ ትንሽ ቴምብር ለጠፈች፤ ያልተለጠፈበት ከቀኑ በኋላ አይሠራም። አንድ አዋቂ በጥሬው የሚቀይረው 4,000 ኮሩና ብቻ ሲሆን ቀሪው ባንክ ይገባል። ሳንቲሙና ትንንሹ ኖት ግን ለጊዜው እንዳለ እንዲሠራ ተደረገ።

ቁልፉ ሁለቱም በአንድ ቀን መቀየራቸው ነው። አንዱ ቢቀድም፣ እሱ ዘንድ የተሻረው ኖት ሁሉ ገና ወደሚቀበለው ጎረቤት ይጎርፋል፤ ያ ጎረቤት እህሉንና ከብቱን በተራ ወረቀት ሸጠ ማለት ነው። ወሬው ቀድሞ ከወጣም ገንዘብ፣ ምንዛሪው ይጠነክራል ወደተባለው አገር ባንክ ይሸሻል። አገሮቹ ከተለያዩ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆያል የተባለው የጋራ ኮሩና ስድስት ሳምንት ያልሞላው አንድም በዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ንግዱን ያቆየው የማቻቻያ ሂሳብ ነው። አስመጪው በአገሩ ገንዘብ ይከፍላል፣ ላኪው በአገሩ ገንዘብ ይቀበላል፤ ሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች ልዩነቱን ይተሳሰባሉ። ከተስማሙበት ጣሪያ ያለፈው ልዩነት ብቻ በጠንካራ ምንዛሪ ይዘጋል። ስሎቫኪያ በዚያው ዓመት ጁላይ ገንዘቧን በ10 በመቶ ስታወርድም ሂሳቡ አልተቋረጠም፤ እስከ 1995 ሠርቷል።

እኛ ዘንድ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋ ሲወጣ ኢትዮጵያም የብር ኖቷን ቀየረች፤ የኖቱ ነገር በዚህ ተዘጋ። የማቻቻያ ሂሳብ ግን አልተከፈተም። ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ በሚሆንበት ሰነድ)፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን ተባለ። ለትልቅ ድርጅት ኤልሲ የወረቀት ሥራ ነው። ትናንት በኪሱ ብር ማሽላ ገዝቶ ለሚሻገር ነጋዴ ግን የተዘጋ በር ነው።

ሁለቱም ገንዘብ በሁለቱም አገር አንድ ለአንድ ይሥራ የሚለው የኤርትራ ሐሳብም ቢሆን የሚቀር ጥያቄ አለው፦ ነጋዴው የተቀበለውን ናቅፋ አዲግራት ባንክ ሲያስገባ፣ ባንኩ ለማን መልሶ፣ በምን ይከፈለው ነበር?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ