አባዬ፣ ስለ ባያናውሉ መሐንዲስ ልንገርዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እማዬስ፣ እህቶቼስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ካዛክስታን፣ አልማቲ፣ በረዶው ገና አልጣለም፤ የላኩልኝ የመንዝ ባና ግን ካሁኑ አልጋዬ ላይ ነው። አብራኝ የምትሠራ የካዛክ ሴት ዳብሳው "ይሄማ የኛን ሱፍ ይመስላል" አለችኝ። እነሱም ድንኳናቸውን ሳይቀር በበግ ፀጉር የሚያለብሱ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው በስልክ "መሐንዲስ ነኝ የሚል ሞልቷል፤ ለተወለደበት ቀዬ ምን አደረገ? እሱን ንገረኝ" ብለውኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ዛሬ የአንድ ሰው ነገር ልጽፍልዎ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በዚህ በጋ ለሥራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፓቭሎዳር ስንሄድ ባያናውል አደርን። ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ሲሉ ቆይተው ድንገት ተራራ ይነሣል፤ በመሐሉ ሐይቅ፣ ነፋስ የፈለፈለው ድንጋይ፣ ጥድ። ካኒሽ ሳትፓየቭ በዚህ ወረዳ ነው በ1899 የተወለደው። ዛሬ ከተማ በስሙ፣ እዚህ አልማቲ ትልቁ የምሕንድስና ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል። እኔን የያዘኝ ግን ገና ስም ሳይኖረው የሠራው ነው።

ሰሜይ በምትባል ከተማ የመምህራን ትምህርት ቤት ጨርሶ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ወደ ቀዬው ተመለሰ። መድኃኒቱ የተራራው አየርና ኩሚስ ነበር፤ ኩሚስ የተብላላ የፈረስ ወተት ነው፣ ቀምሼዋለሁ፣ ይኮመጥጣል። ታሞም አልተኛም። የባያናውል ሕዝብ ዳኛ ሆኖ ሙግት ሲሰማ ከረመ። በዚያው ሰሞን ኡሶቭ የሚባል የቶምስክ የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ኩሚስ ሊጠጣ እዚያው መጥቶ ኖሮ፣ ሁለቱ ሕሙማን ተገናኙ። ሰውየው የድንጋዩን ቋንቋ አስተማረው፤ ልጁም ተከትሎት ሳይቤሪያ፣ ቶምስክ ገባና በ1926 በማዕድን ምሕንድስና ተመረቀ።

አባዬ፣ አሁን የምነግርዎትን ሳነብ እርስዎ ነዎት ትዝ ያሉኝ። በ1924፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በሩሲያኛ እየተማረ፣ ለካዛክ ልጆች በካዛክኛ የአልጀብራ መጽሐፍ ጻፈ። በቋንቋው ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም። ለያንዳንዱ ቃል የእረኛ ልጅ የሚገባው ስም መፈለግ ነበረበት። እርስዎም ጠመኔ ይዘው ለእኛ ለመንዝ ልጆች "ያልታወቀውን ቁጥር እንደ ጠፋች በግ ፈልጉት፣ በስተግራ አስሩት" ይሉን የነበረው ያው ሥራ ነው። በዚያ በግ ነው እኔ እዚህ የደረስኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ጄዝካዝጋን ሄደ፤ ስሙ በቋንቋቸው "መዳብ የተቆፈረበት" ማለት ነው። ብዙዎች እዚያ ያለው መዳብ ትንሽ ነው ሲሉ፣ እሱ ዓመት ከዓመት ጉድጓድ እያስቆፈረ ከዓለም ትላልቆቹ አንዱ መሆኑን አሳየ። በ1946 የካዛክስታን ሳይንስ አካዳሚ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1951 አወረዱት፣ በ1955 መልሰው መረጡት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዘፈን አልጣለም፤ ዛታዬቪች ለተባለ የዜማ ሰብሳቢ ከልጅነቱ የሚያውቃቸውን 25 ዘፈኖች አዚሞለታል፣ በኖታ ተጽፈው ቀርተዋል። እኔ ከመዳቡ እኩል ይህን እወድለታለሁ።

ውኃውን ደግሞ ይስሙኝ፣ የሙያዬ ነውና። ያ ሜዳ ከሰል አለው፣ መዳብ አለው፣ ውኃ የለውም። ሳትፓየቭ ከታላቁ የኢርቲሽ ወንዝ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው እስከ ካራጋንዳ ከተማ ይምጣ ብሎ ለዓመታት ተከራከረ። ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም፤ ይህ ግን በ22 የፓምፕ ጣቢያዎች እየተገፋ ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል። ርዝመቱ 458 ኪሎ ሜትር ነው። ቁፋሮው በ1962 ተጀመረ፣ እሱ በጥር 1964 አረፈ። ካራጋንዳ የደረሰውን ውኃ አላየውም። ዛሬ ቦዩ በስሙ ይጠራል።

ስንመለስ አንዱ ጣቢያ አጠገብ መኪናችንን አቁመን ወረድኩ። ሞተሩ ያጓራል፣ ውኃው ከታች መጥቶ ከላይ ይገነፍላል። እማዬ እንስራ አዝላ ያንን አቀበት ስትወጣ ታየችኝና አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ ነፋሱ መስሏቸው ዝም አሉ።

አባዬ፣ የጠየቁኝ ነገር መልስ ከእኔ ገና አልወጣም። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። የሒሳብ ማስተማሪያ ደብተሮችዎ ቆጥ ላይ ካሉ አይጥ እንዳይበላቸው ያውርዷቸው። የእህቴ ልጅ በስልኩ ገጽ በገጽ ያንሣልኝ፤ የበጓ ያለችበት አይቅርብኝ። ማታ ማታ እየጻፍኩ ላስተካክለውና ለትምህርት ቤታችን እንዲታተም ልላክ። የማተሚያውን ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣
ከአልማቲ