ክረምቱ ሳይገባ ስለ ቡቺና ስለ ድመቷ

ይድረስ ለወዳጄ ለሙሉጌታ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አልማዝና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዘመ፤ ናፍቆቱ ግን እንዳለ ነው።

ሰሞኑን እህትህን አግኝቻት ቡችላ እንዳስገባችሁ፣ ቡቺ እንዳላችሁት፣ ሁለት ወር እንደሞላው፣ ድመትም እንዳለቻችሁ አጫወተችኝ። ልጆቹ ከእቅፋቸው አያወርዱትም ስትለኝ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ግንቦት መሆኑን አሰብኩ። በግንቦት የገባ ቡችላ የሚያድገው ክረምቱ፣ ቡሄው፣ እንቁጣጣሹና መስቀሉ ተከታትለው በሚመጡበት ወቅት ነው፤ ውሻ በብዛት የሚታመመውም የሚጠፋውም ያኔ ነው። ሥራዬ እንስሳት ማከም ሆኖ ሳለ ለአንተ ሳልጽፍ ብቀር ሆዴ አይችልም።

ከሁሉ በፊት ክትባቱን አስጀምረው። ቡችላን ቶሎ የሚገድለው ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው። ያስመልሰዋል፣ ክፉ ሽታ ያለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃው ተሟጦ ያልቃል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚቆይ በእናንተ ጫማ ተለጥፎ ይገባል። «ከግቢ አይወጣም» ማለት አያድነውም። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው አንዴ አስወግቶ ይተዋል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ከእናቱ ጡት ያገኘው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው የሚደጋገመው። ሲያስከትቡት ብልቃጡ ከበረዶ ሳጥን ሲወጣ በዓይንህ እይ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያልተቀመጠ ክትባት ዋጋ የለውም፣ መብራት የሚጠፋበትን ከተማ ደግሞ ታውቀዋለህ። የክትባቱን ስምና ቀኑን ካርድ ላይ አስጽፍ። ሌፕቶስፓይሮሲስም የተካተተበት ይሁን፤ ምክንያቱን ወደታች እነግርሃለሁ።

በፊት ሌላ ውሻ ታሞ የሞተበት ግቢ ከሆነ ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበትና 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው፣ ማለትም ሰኔ ላይ ይሰጠዋል። ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። ድመቷም ትከተብ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ እንስሳ አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ዓለም አቀፍ የበሽታው ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ይታሰባል፤ ክትባቱን ያገኘው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ቀን ነው። በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት ስለሚሆን የዓመቱን ክትባት ለማስታወስ ይመቻል።

አንድ ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ ንገር፤ ለዘበኛውም ጭምር። የታመመ ውሻ ሁሉ አይናከስም። አንዳንዱ መንጋጋው ይዝልና አፉ እንደተከፈተ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ያየ ሰው «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንዳታደርጉት። ውሻ የነከሰውን ወይም የቧጨረውን ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ክትባቱንም እስከ መጨረሻው ይጨርስ። ቅጠል ፍለጋ ሲዞር ሳምንት ያለፈበት ሰው ሊተርፍ ሲችል ይሞታል። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ ከመግደል ይልቅ ለብቻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ እስከዚያ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ግን ሕክምናው አይዘገይ።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጀመረኝ ዋናው ነገር እሱ ነው። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት ይታያል፤ አንዳንዱ የአተር፣ አንዳንዱ የእንቁላል ያህላል። ሰው ይጸየፈውና «ለውሻው ስጡት» ይላል። ከዚህ የከፋ ስጦታ የለም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽዬ ትል ሽል ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ጸጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ጓሮ ጎመኑ ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ከረጢቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ውሻው ደግሞ ምንም የታመመ አይመስልም። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን አካል አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩት። ደህና የሚመስለውንም ሳንባና ጉበት ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳትቀቅሉ አትስጡት። ጎረቤት የጣለውን ለቅሞ የሚበላ ከሆነ በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኩዋንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 5 ሚሊግራም ነው። ለሌሎቹ ትሎች ፓይራንቴል አለ፤ ቡቺ 6 ወር እስኪሞላው በየወሩ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ። ክብደቱን በዓይን አትገምት። አንተ አቅፈኸው ሚዛን ላይ ውጣ፣ ከዚያ ብቻህን ውጣ፣ ልዩነቱ የእሱ ነው።

የዶሮ ወጥ ፍትፍትም አይሰጠው። ለአንድ ዶሮ አልማዝ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደምታቁላላ ታውቃለህ። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም፣ ለድመት 5 ግራም ያህል ለመመረዝ ይበቃል። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም፤ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይዝላል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስለታም ስለሚሆን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

በቡሄ ጅራፉ፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል ርችቱ ውሻን ያስበረግገዋል። በር ሲከፈት ሾልኮ ይጠፋል፣ መኪናም ይገጨዋል። ከምሽቱ በፊት ብርሃን ሳለ ሽንቱን እንዲጨርስ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አስገቡት፣ መስኮት ዝጉ፣ ራዲዮ ክፈቱ። ስልክ ቁጥርህ ያለበት የአንገት ማሰሪያ ይኑረው።

ስለ ክረምቱ፤ የቡቺ ቤት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ቆርቆሮው ወደ ኋላ ያዘንብል፣ በሩ ዝናብ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አይዙር። ድርቆሹ እንደረጠበ ይቀየር። ጭቃ ላይ በሰንሰለት አስሮ ማሳደር የእግሩን ጣቶች መሃል ያቆስላል፤ ማታ ማታ በጨርቅ አድርቁለት። ክረምት ላይ የሻገተ እንጀራና ዳቦ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ሻጋታው ጉበት ይጎዳልና እናንተ የማትበሉትን እሱም አይብላ። ሌፕቶስፓይሮሲስ ያልኩህ ደግሞ በአይጥ ሽንት የተበከለ ኩሬ ውሃ በመጠጣት የሚይዝ ነው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። የመጠጫ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ትርፍ ምግብ ደጅ አታሳድሩ።

አይጥ በዛ ብላችሁ መርዝ ካስቀመጣችሁ ግን ሁለቱም እንስሳት አደጋ ላይ ናቸው፤ ድመቷ የሞተችውን አይጥ ብትበላ እንኳ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የመርዝ ዓይነት ምልክቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ዘግይቶ ይመጣል፤ እስኪደማ አትጠብቅ፣ ማሸጊያውን ይዘህ ወደ ሐኪም ሩጥ፣ ቫይታሚን ኬ1 ያድነዋል። ጨው በጥብጦ ማስመለስ ራሱ ይገድላል።

መዥገርን በወረንጦ ከቆዳው ጋር ተጠግተህ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ላምባ ወይም እሳት አታስጠጋበት። ለከብት የሚገዛውን ዲያዚኖን የተባለ የመዥገር መርዝ ውሻ ላይ አታፍስስ። አይቨርሜክቲን የተባለው የከብት የትል መርፌም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም አለው፣ ያውም ለ50 ኪሎ ከብት የተለካ። ለጥቂት ኪሎ ቡችላ ልኩን በመርፌ ማውጣት ከባድ ነው፣ ትንሽ ከበዛ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። በውሻና በድመት ስም የተሠራውን ብቻ ግዛ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ለድመት መርዝ ስለሆነ ቡቺ ከተቀባ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አብረው አይተኙ። ድመቷ ብታተኩስ ፓራሲታሞል አትስጧት፤ ግማሽ ፍሬ እንኳ ልትሞትበት ትችላለች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለሁለቱም አይሆኑም።

ቡቺ በድንገት ቢያስመልስና ቢያስቀምጠው፣ ሐኪም ጋ እስክትደርስ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጥና በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ ቀስ አድርገህ አጠጣው። ራሱ ካልዋጠ በግድ አታፍስስበት፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ወተት አይሰጠው።

የተወለደበትን ቀን፣ የዛሬ ክብደቱንና እስካሁን የወሰደው ክትባት ካለ ስሙን ጽፈህ ላክልኝ። የክትባትና የትል መድኃኒት ቀኖቹን በእኛው አቆጣጠር እስከ መስቀል ድረስ አውጥቼ እልክልሃለሁ። አልማዝን ሳምልኝ፣ ልጆቹን ዳብስልኝ።

ወንድምህ